ስለ ብረታ ብረት ዕቃ አሰያየምና ስለ ጉምሩክ ቀረጥ

አንድ ምስማር ከውጭ አገር መጥቶ ከጉምሩክ መጋዘን በደረሰ ጊዜ፥ ምን ያህል ቀረጥ እንደሚከፈልበት ከመታሰቡ አስቀድሞ ስሙ ሊታወቅ ይገባል። ይህን ሲሰሙ «ምስማር ምስማር ነው፤ ሌላ ምን ስም ያሻዋል?» የሚሉ አይታጡም። ነገር ግን የብረት ምስማር በታሪፍ መጽሐፍ በ7317 ቁጥር ሲመደብ፥ ራሱ ከመዳብ የተሠራው ምስማር፥ እግሩ ብረት ቢሆንም ቅሉ፥ ከመዳብ ዕቃዎች ጋራ በ7415 ይቆጠራል። ብሎን፥ ዳዶና ሮንዴላ በ7318 ናቸው። ጓጉንቸርና የበር ቁልፍ በ8301፥ የበርና የመስኮት ማጠፊያ በ8302 ይገኛሉ። ዚንክ የተቀባው የቤት ክዳን ቆርቆሮ፥ ወርዱ 600 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፥ እንደ ዝርግ ብረት ታይቶ በ7210 ይመደባል፤ ደወል ግን በ8306 ነው። እንግዲህ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በአንድ ጭነት የመጣ ዕቃ አምስትና ስድስት ቁጥር ሊወጣለት ነው፤ ቀረጡም እንደየቁጥሩ ሊለያይ ይችላል።

ብረት ከባሕር ማዶ ማስመጣት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል መጥረቢያንና ለጦር መሥሪያ የሚሆን ብረትን ይጠቅሳል። ያን ጊዜ ዕቃውን በዓይን አይቶ መለየት ይበቃ ነበር ይሆናል። ዛሬ ግን የምንሠራባቸው ቁጥሮች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1983 በብሩክሴል ከተማ ከተፈረመውና ከ1988 ጀምሮ ከጸናው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በስምምነቱ ለሚሠሩ አገሮች ሁሉ አንድ ሲሆኑ፥ ከዚያ ወዲያ ያለውን አኃዝና የቀረጡን ልክ እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ ይወስናል።

ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው የመኪና ብሎን ነው። ነጋዴው በደረሰኙ ላይ «የመኪና መለዋወጫ» ብሎ ያስጽፋል፤ ቃሉም ሐሰት አይደለም፤ ብሎኑ ከመኪና በቀር ለሌላ ነገር የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ለመኪና ክፍሎችም 8708 የተባለ ቁጥር አለ። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ስለ ብረታ ብረት በሚናገርበት ክፍል «ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውሉ ክፍሎች» ብሎ የዘረዘራቸው ዕቃዎች አሉ፤ ምስማር፥ ብሎን፥ ሰንሰለት፥ ሞላ፥ ቁልፍ፥ ማጠፊያ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለ መኪና የሚናገረው ክፍል ደግሞ እነዚህን ሁሉ ከራሱ አስወጥቷቸዋል። ስለዚህ የመኪናው ብሎን በ7318፥ የመኪናው በር ማጠፊያ በ8302፥ ባሌስትራውም በ7320 ይመደባል።

ይህ ደንብ ለብዙ ሰው ግትር መስሎ ይታየዋል። እኛ ግን ትክክል ነው እንላለን። በዓለም ላይ ያለ ብሎን ሁሉ የአንድ ነገር ብሎን አይደለምን? የመኪናው ወደ መኪና፥ የወፍጮው ወደ ወፍጮ፥ የአልጋው ወደ አልጋ ቢሄድ ኖሮ፥ በ7318 የሚቀር አንድ ብሎን ባልተገኘ ነበር፤ ነጋዴውም ሁሉ ቀረጡ ዝቅ ወዳለበት ስም ብሎኑን በጠራ ነበር። ደንቡ ግን ጨርሶ ልዩነት የማያውቅ አይደለም። የተሰበረ አጥንት ለመጠገን በሰው አካል ውስጥ ለሚገባው ብሎን፥ በ2022 በጸናው እርማት ከዚህ ዝርዝር ወጥቶ ከሕክምና ዕቃዎች ጋራ በ9021 እንዲመደብ ሆኗል።

ሁለተኛው ችግር ቅቡ ነው። ዚንክ ወይም ኒኬል የተቀባ ብሎን እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ ሆኖም የሚመደበው በውስጡ ባለው ብረት እንጂ በላዩ በተቀባው አይደለም። በቅኔ ቤት ሰሙን ከወርቁ መለየት የለመዱ ሊቃውንት ይህን ለመረዳት የሚቸገሩ አይመስለንም። የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት፥ ካርቦኑም ከ1.2 በመቶ የማይበልጥ ነው። በገበያ «ማግኔት ካልሳበው የማይዝግ ነው» እየተባለ ይነገራል፤ ነገር ግን ማግኔት የሚስበው የማይዝግ ብረትም ስላለ፥ ከፋብሪካው የምርመራ ወረቀት ወይም ከላቦራቶሪ በቀር እርግጠኛ ዳኛ የለም።

የዚህ ልዩነት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በአውሮጳ ታይቷል። የአውሮጳ ኅብረት በ2009 ከቻይና በሚመጣ ብሎንና በመሰለው ዕቃ ላይ እስከ 85 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ቀረጥ ሲጥል፥ ከማይዝግ ብረት የተሠራውን አልነካም። በ2011 ቀረጡ በማሌዥያ በኩል ተልኮ ለሚገባውም እንዲደርስ ተደረገ፤ በ2016 ተነሥቶ፥ በ2022 እስከ 86.5 በመቶ ሆኖ እንደ ገና ተጣለ። በአንድ ሳጥን ውስጥ የማይዝግ የተባለው ዚንክ የተቀባ ብቻ ሆኖ ቢገኝ፥ የሚጐድለው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ብዙ አያንስም ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት የጥፋቱ ትልቁ ምንጭ ተንኰል ሳይሆን በደረሰኝ ላይ የሚጻፈው ሰነፍ ቃል ነው። «ልዩ ልዩ የብረታ ብረት ዕቃ» የሚል ወረቀት ለመርማሪው ምንም አልነገረውም። ወረቀቱ ዕቃው ከምን ብረት እንደ ተሠራ፥ ክር ያለው መሆን አለመሆኑን፥ ብዛቱንና ክብደቱን ቢናገር የግማሽ ቀን ሥራ በግማሽ ሰዓት ባለቀ ነበር። ካልሆነ ግን አንዱ መርማሪ በአንድ ቁጥር፥ ሌላው በሌላ ቁጥር ይመድበዋል፤ ሁለት ነጋዴዎችም ለአንድ ዓይነት ብሎን የተለያየ ቀረጥ ከፍለው በአንድ ገበያ ጐን ለጐን ይሸጣሉ። ከዚህም የሚከፋው ስሕተቱ በኋላ በምርመራ ሲገኝ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሸጦ ጨርሷል፤ ልዩነቱን ክፈል ቢባል ከማን ያገኘዋል? ገዢው እንደ ሆነ ምስማሩን ከጣራው ላይ መትቶታል።

በብዙ አገሮች ግን ነጋዴው ዕቃውን ከማስጫኑ በፊት ናሙናውንና ወረቀቱን ለጉምሩክ አቅርቦ የምደባ ውሳኔ በጽሑፍ የሚቀበልበት ደንብ አለ። በአውሮጳ ኅብረት እንዲህ ያለው ውሳኔ ለ3 ዓመት የጸና ሲሆን፥ ጉምሩኩንም ነጋዴውንም ያስገድዳል። ውሳኔውን የያዘ ነጋዴ ሳጥኑ ከመርከብ ሳይወርድ የሚከፍለውን ያውቃል፤ መርማሪውም የሚቀረው ሥራ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብሎን ከናሙናው ጋራ አንድ መሆኑን ማየት ብቻ ነው።