የዕድሜ ዘመን አገልግሎትና የሽምግልና ኑሮ፤ በዳሪሙ ወረዳ መነሻነት

ስለ አረጋውያን ኑሮ በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ዛሬ ምን ርዳታ እንደሚያገኙ ነው። ይሁን እንጂ በወጣትነት የተማሩት ፊደል፥ በጎልማሳነት የገቡበት ዕድር፥ ስም የሰፈረበት መዝገብ ሁሉ ዋጋቸው የሚገለጠው ጉልበት ሲደክም ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ግሌን ኤልደር በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት ዘመን ያደጉ ልጆችን ኑሮ እስከ ጎልማሳነት ተከትሎ በማጥናት፥ ያለፈው ዘመን በኋለኛው ዕድሜ ላይ ያለውን ኃይል አሳይቷል። ወደ ኢሉባቦር ስንመለስ ግን አንድ ነገር መጨመር ግድ ይሆናል፤ ይኸውም አገልግሎቱ ራሱ ከተጠቃሚው ቀድሞ ሊያረጅ መቻሉ ነው።

በዳሪሙ ወረዳ ቡናና በቆሎ የሚያለማ፥ ከኦሮምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይናገር አንድ ገበሬ በሐሳባችን እንያዝ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲዘልቅ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። በዘመቻው ኦሮምኛ የተማረው በግእዝ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን የቋንቋው ጽሕፈት ቁቤ፥ ማለት የላቲን ፊደል ሆነ። ይህ ለውጥ ለልጆቹ በቋንቋቸው የመማርን በር እንደ ከፈተላቸው አይካድም፤ ለእርሱ ግን የተማረውን እንደ ገና መማር ሆነበት። ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት የመሬቱ ማረጋገጫ ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰው የልጅ ልጁን ጠርቶ ያስነብባል። ምስጢሩንም ሳይወድ ለልጅ ያካፍላል። ስለዚህ «ማንበብ ይችላሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለጥናት አይበቃም፤ በየትኛው ፊደል እንደሚያነቡም መጠየቅ ይገባል።

ጡረታን ያየን እንደ ሆነ መዝገቡ ይበልጥ ጨካኝ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የወጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን የግል ድርጅት ሠራተኞች የተካተቱት በ2003 ዓ.ም. ነው። የዘወትር አበል ለማግኘት ቢያንስ ዐሥር ዓመት ማገልገል ያሻል። እንግዲህ ከአንድ እናት ከተወለዱት ወንድማማች አንዱ መቱ ሄዶ አስተማሪ ቢሆን፥ ሌላው በአባቱ መሬት ላይ ቢቀር፥ በስድሳ ዓመታቸው የሚለያያቸው የድካማቸው መጠን ሳይሆን ድካማቸው የተጻፈበት ቦታ ነው። ገበሬው ዕድሜውን እንኳ በሰነድ ለማስረዳት ይቸገራል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነውና።

ሁለቱን ወንድማማች እኩል የሚቀበላቸው ዕድር ነው። ነገር ግን የዕድር ዋና ሥራ ቀብርና ሐዘን ነው፤ አንዳንዱ ለታመመ አባል ጥቂት ገንዘብ ቢያዋጣም፥ ለረጅም የሽምግልና ድካም ሒሳብ የያዘ ብዙ አይደለም። ሽማግሌው ግን ወርኃዊ መዋጮውን ከመድኃኒቱ ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል። በዕውቀት ማነስ ያደረገው የሚመስለው ይሳሳታል፤ በሕይወቱ ሙሉ ሳያቋርጥ ያገለገለው እርሱ ብቻ ነበርና።