ያውቁ ኖሯል? ጄን ኤር ደብተራ ሆና
እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የታተመው የሎረን ብላክዉድ ልቦለድ «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» ለወጣት አንባቢያን የተጻፈ የፍቅርና የምናብ ታሪክ ሲሆን፣ ሻርለት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ያሳተመችውን «ጄን ኤር» ኢትዮጵያን መነሻ ባደረገ ዓለም ውስጥ እንደገና ይተርካል። «ጄን ኤር» ራሱ፣ ቻርልስ ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ካሳተመው የ«ሰማያዊ ጢም» ተረት፣ ማለትም ሚስቱ አንድ ክፍል እንዳትከፍት ከከለከለ ባለጸጋ ታሪክ ጋር ስለሚዛመድ፣ አዲሱ ልቦለድ የዚያ ተረት ሦስተኛ ትውልድ ሊባል ይችላል።

የብላክዉድ ባለታሪክ አንድሮሜዳ እንደ ጄን የቤት አስተማሪ ሳትሆን ደብተራ ናት፤ የተቀጠረችውም የማግነስ ሮቸስተርን ቤት ከያዘው ክፉ ዓይን ለማጽዳት ሲሆን፣ ፍቅራቸውም ከዚሁ ሥራ ይወለዳል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደብተራ የሚባለው ግን ዜማ፣ ቅኔና አቋቋም የተማረ፣ ቅስና መቀበል የማይጠበቅበት፣ በልማድም ወንድ የሆነ አገልጋይ ነው፤ ቡዳን ለመከላከል በብራና ላይ ክታብ መጻፍም የአንዳንድ ደብተራዎች ልማድ እንጂ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምታስተምረው ትምህርት አይደለም።

ደብተራዎች የሚማሩት የዜማና የቅኔ ትምህርት ነባር ማዕከላት ከሚገኙባቸው አካባቢዎች አንዱ ደቡብ ጎንደር ነው፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ የፎገራን ሜዳ የሚያቋርጠው መንገድ ወረታ ላይ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚከፈል ሲሆን፣ የደብረ ታቦሩን አቅጣጫ የያዘ ተጓዥ በድጓ፣ ማለትም በዓመቱ የዜማ መጽሐፍ ትምህርት፣ ወደምትታወቀው የጋይንቷ ቤተልሔም ያመራል።