የሽርሽር መርከብ መግዛት ምን ያስከትላል?

ቶንጎ በመምህርነት ከተመደብኩ ወዲህ ሰዎች ልዩ ልዩ ወረቀት እንዳነብላቸው ይዘውልኝ ይመጣሉ። የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የመድኀኒት መመሪያ፣ ከውጭ አገር የመጣ የዘመድ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። የመርከብ ሽያጭ ውል ግን በዚህ በማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ፣ ከማናቸውም ባሕር ይህን ያህል ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ በእጄ ይገባል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

ውሉን ያመጡልኝ አንድ የወርቅ ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። ዕድሜያቸው ከኀምሳ አልፏል፤ ወጣት ሳሉ በወንዝ ዳር አፈር ሲያጥቡ ኖረው፣ ኋላ ከአጣቢዎች እየገዙ በመሸጥ ኑሮአቸውን ያቃኑ ሰው ናቸው። የገበያ ቀን ነበርና ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«መምህር፣ እስቲ ይህን እንግሊዝኛ ደኅና አድርገህ እይልኝ። በዐሥር ቀን ውስጥ ቀብድ ክፈል ብለውኛል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምንድነው የሚገዙት?» ብላቸው፣ ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው አንድ ነጭ መርከብ አሳዩኝ። ዐሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሁለት የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ፤ በአንድ የዐረብ አገር ወደብ የቆመ፤ ዋጋው 60 ሺህ ዶላር። ሐሳባቸው በንጋት ሐይቅ ላይ አንሳፍፈው ቱሪስት ሊያዝናኑበት፣ በበዓል ቀንም ከወዳጆቻቸው ጋር ሊንሸራሸሩበት ነበር። ገንዘቡ የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ፤ ነገር ግን ከሦስቱ እጅ አንዱ ባሏ የሞተባት እኅታቸው ለልጆቿ ያስቀመጠችው ነው።

ሐሳቡ እንዲያው የቀልድ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ በክልላችን ውስጥ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ፈጥሯል። ትናንት የበረሃ ሸለቆ የነበረው ዛሬ የመርከብ መንገድ ሆኗል። እንግዲህ በዚህ ውሃ ላይ የራሱን መርከብ ለማየት የሚመኝ ሰው ቢገኝ ምን ያስደንቃል?

እኔ የተማርኩት ኤኮኖሚክስ እንጂ ሕግ አይደለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ ወደነበረ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ስልክ ደወልኩ፤ የባሕር ሕጋችንንም ፈልጌ አነበብኩ። በዚያ ሳምንት የተረዳሁትን ነው ለአንባቢዎቼ የማካፍለው።

በመጀመሪያ ስለ መርከብ ባለቤትነት። ኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ያወጣችው በ1952 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 164 ነው፤ ከፍትሐ ብሔሩና ከንግዱ ሕግ ጋር ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በሕግ ዐይን መርከብ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ ነገር ግን እንደ በሬ ወይም እንደ ወንበር ያለ ተንቀሳቃሽ አይደለም። በመዝገብ ይጻፋል፣ እንደ ቤት በመያዣነት ይሰጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ በላዩ የሚቀመጠው ዕዳ ነው። ያልተከፈለ የመርከበኛ ደመወዝ፣ ያልተከፈለ የወደብ ኪራይ፣ መርከቡ ሌላ መርከብ ገጭቶ ያደረሰው ጉዳት፣ ይህ ሁሉ የሚከተለው መርከቡን ነው። ባለቤቱ ቢለወጥም ዕዳው አይለወጥም። ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሲሄድ ገዢው ከነዕዳው ይረከባል። ባለዕዳ በሬ የገዛ ሰው ቢያንስ በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ባለዕዳ መርከብ የገዛ ግን ከወደቡ ሳይወጣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊታገድበት ይችላል።

በጋሼ ውል ላይ ይህን ፈለግሁ። «መርከቡ አሁን ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» የሚል ቃል አገኘሁ። ከዕዳ ነጻ ነው የሚል ቃል ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የለም።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በራሳችን አገር ደርሷል። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከ90 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው አንድ የጦር መርከብ ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኀይል በውሰት ሰጠ። «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ፤ ባሕር ኀይሉ ከነበሩት መርከቦች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ይህ መርከብ ወደ የመን ሸሸ፤ በ1985 ዓ.ም. ብረቱ ተሰባብሮ እንዲሸጥ ሆነ። ሌሎቹ መርከቦች ጅቡቲ ወደብ ቆመው ቀሩ። ወደብ ደግሞ እንደ ሆቴል ነው፤ የቆመ ይከፍላል። ኪራዩ ሳይከፈል በመቅረቱ መስከረም 6 ቀን 1989 ዓ.ም. የጅቡቲ ወደብ መርከቦቹን ለጨረታ አወጣቸው። የመንግሥት ባሕር ኀይል በወደብ ኪራይ ዕዳ ከተሸጠ፣ የቶንጎ ነጋዴ መርከብ ምን ዋስትና አለው? ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ሀብታሙም ዓለም ከዚህ አላመለጠም። «አልፋ ኔሮ» የሚባለው 82 ሜትር ያህል የሚረዝም የቅንጦት መርከብ በ2014 ዓ.ም. አንቲጓ በምትባለው ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ወደብ ተትቶ ቀረ። ባለቤቱ እገሌ ነው ተባለ፤ እገሌም የእኔ አይደለም አለ። መርከቡ ግን ባለቤት ቢኖረውም ባይኖረውም ናፍጣና ጠባቂ ይፈልጋል፤ ለዚህም በየሳምንቱ ወደ 28 ሺህ ዶላር ይወጣ ነበር። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ጨረታ አንድ አሜሪካዊ ቱጃር 67.6 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አሸነፈ፤ ሆኖም የባለቤትነት ክርክሩ አላልቅ ሲል ሐሳቡን ለውጦ ተወው። በመጨረሻ በ2016 ዓ.ም. በ40 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቀነሰው መርከቡ ስለ ተበላሸ አይደለም፤ ወረቀቱ ስላልጠራ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ባንዲራ ላንሣ። ተማሪዎቼ «ባሕር የሌለው አገር እንዴት መርከብ ይኖረዋል?» እያሉ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። በ1913 ዓ.ም. በባርሴሎና የተሰበሰቡ መንግሥታት ባሕር የሌላቸው አገሮችም የራሳቸውን ባንዲራ የያዘ መርከብ እንዲኖራቸው ተስማምተዋል፤ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነትም ይህንኑ አጽንቷል። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅታችን ዛሬም ባንዲራችንን ይዞ ይጓዛል። የጋሼ መርከብ ግን የሌላ አገር ባንዲራ ለብሳለች። ያኛው አገር ከመዝገቡ መሠረዟን በጽሑፍ ካላረጋገጠ እዚህ በስማቸው ልትመዘገብ አትችልም። ስለዚህ ማስረጃ ውሉ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ደግሞም የ1952ቱ ሕግ እንደ ስሙ ባሕርን አስቦ የተጻፈ ነው፤ የአገር ውስጥ ውሃ ላይ የሚሠራ ጀልባን የሚመለከተው በ1999 ዓ.ም. የወጣው የማሪታይም አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549 ስለሆነ፣ ሰው የሚያሳፍር ሁሉ ከባለሥልጣኑ ዘንድ መቅረብ አለበት።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። በመርከብ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ግምት አለ፤ መርከብ በየዓመቱ የዋጋውን ዐሥረኛ ያህል ይበላል ይላሉ። ለጠባቂ፣ ለጥገና፣ ለቀለም፣ ለኢንሹራንስ፣ ለማቆሚያ ነው። ለጋሼ መርከብ በዓመት 6 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። መለዋወጫው ከውጭ ስለሚመጣ ሒሳቡ በዶላር ነው የሚታሰበው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ዋጋ 342 ሺህ ብር ይሆናል። ከአንድ ዓመት በኋላ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሲሆን ያው ወጪ ከ780 ሺህ ብር አለፈ። መርከቡ አልተለወጠ፣ ሞተሩ አልተለወጠ፤ የባለቤቱ ኪስ ብቻ ነው የተለወጠው። በዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ አለ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ ጅቡቲ ላይ ከዘገየም ዲመሬጅ አለ። ዐሥራ ሁለት ሜትር የሆነ ዕቃ በከባድ መኪና ጭኖ ከጅቡቲ በደጋው መንገድ አሳልፎ ምዕራብ ወሰን ድረስ ማምጣት ስንት እንደሚያስወጣ በውሉ ውስጥ የጠቀሰው የለም።

ሐይቁስ? ንጋት እንደ ጣና አይደለም። ግድብ ስለሆነ ሲሞላ ከባሕር ወለል 640 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ኀይል ለማመንጨት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታው ደግሞ 590 ሜትር ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ኀምሳ ሜትር አለ። ዛሬ ውሃው ዳር የተሠራ መሣፈሪያ ነገ ኮረብታ ላይ ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል። አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር፤ ከ1894ቱ ውል በኋላ ከካርቱም ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ባሮን የሚወጡት በክረምት ብቻ ነበር። በበጋ ውሃው ይቀንሳልና። መሣፈሪያው የሚሠራበት መሬትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይገዛም፤ በሊዝ ወይም በፈቃድ ነው የሚያዘው። መርከቡን ገዝቶ መሬቱን መለመን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ እንኳ ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም። በጣም ያስደነገጠኝ ነገር የመጣው ገና ያን ጊዜ ነው።

«ዶላር ከየት ያመጣሉ?» አልኳቸው።

«ደላላው ዶላር አያስፈልግም ብሎኛል። ወርቁን ብቻ በድንበር አሻግርልን፣ እዚያ እንመዝነዋለን ብሏል» አሉኝ።

ለካ ነገሩ ሁሉ ይህ ኖሯል። በአገራችን ሕግ በባህላዊ መንገድ የተመረተ ወርቅ ለብሔራዊ ባንክ ነው የሚሸጠው፤ እርሳቸውም ለዓመታት አሶሳ ወርደው ለባንክ ሲያስረክቡ የኖሩ ፈቃድ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ያለ ፈቃድ ወርቅ ከአገር ማውጣት ኮንትሮባንድ ነው፤ ወርቁ ይወረሳል፣ ባለቤቱም ይታሰራል። ድንበር ተሻግሮ ወርቁን ቢክዱት ደግሞ በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሳሉ? ከእጃቸው ያለው ደረሰኝ ምንድነው? የእኅታቸው ልጆች ገንዘብ በጨለማ ተሻግሮ በዚያው ሊቀር ነው።

«ጋሼ፣ ደላላው መርከብ ሊሸጥልዎ አይደለም የመጣው፤ ወርቅ ሊገዛ ነው» አልኳቸው። መቼም ለአንድ አዛውንት እንዲህ መናገር ድፍረት ነው። ተቆጡ። ወረቀታቸውን ከእጄ ወስደው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ከእኅታቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ቡና ተፈልቶ ሳለ ደብዳቤ ጻፍልኝ አሉኝ። ሦስት ነገር ጠየቅን፤ መርከቡ ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ የመዝገብ ማስረጃ፣ ከቀድሞው ባንዲራ የተሠረዘበት ወረቀት፣ መርከቡን ከውሃ አውጥቶ የሚመረምር ገለልተኛ ባለሙያ። ክፍያውም በባንክ፣ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ብቻ እንደሚሆን ጻፍን። እኅታቸው ማንበብ ባይችሉም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ እንዳነብላቸው አዘዙኝ፤ በሁለተኛው ጊዜ «ባንክ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደብዳቤው ከተላከ ሁለት ወር አልፎታል፤ መልስ አልመጣም። የደላላው ስልክም አይነሣም። ጋሼ ባለፈው የገበያ ቀን ሲያገኙኝ ባሕር ዳር ላይ ሰው የሚያሳፍር የፋይበር ጀልባ በብር ስንት እንደሚሸጥ ጠይቄ እንድነግራቸው ለመኑኝ፤ እኅታቸው ግን ድርሻቸውን ተቀብለው ለቤታቸው ክዳን ቆርቆሮ ገዝተውበታል።