ትከሻን ከውስጥ ማዳመጥ

እስክስታ የሚመታ ሰው የገዛ ትከሻውን አያየውም። ዓይኑ ከፊቱ ባለው ጨፋሪ ላይ ነው፤ ወይም በማሲንቆ መቺው ላይ፤ አንዳንዴም ጨርሶ ጨፍኖታል። ትከሻው ግን የከበሮውን ምት ሳይስት ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገት ቀጥ ይላል። ማን ነው የሚመራው? ጆሮ ምቱን ይሰጣል እንጂ ትከሻው የት እንደደረሰ አይናገርም። ይህን ለአንጎል የሚያደርሱት በጡንቻና በጅማት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች ናቸው። የእነሱን ሥራ ማወቅ ውዝዋዜ የምናስተምርበትን መንገድ ሊለውጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መተማ ዮሐንስ ይህን ጉዳይ ለማንሳት የተመቸች ከተማ ናት። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ሳሉግ የሚባሉት ወቅታዊ ሠራተኞች ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ሁሉም የየአገሩን አንገትና ትከሻ ይዞ ይመጣል። በመተማና በቋራ የጉሙዝ ማኅበረሰብ የራሱ ጭፈራ አለው። የሱዳን ዜማም ከድንበር ማዶ ካለችው ጋላባት እየተሻገረ ይደመጣል። እዚህ የምታድግ ልጅ ይህን ሁሉ የምትማረው ከመምህር አይደለም። በሰርግ ዳስ ውስጥ «እስክስ በይ!» ትባላለች፤ ትገባለች፤ ከጎኗ ካለችው አክስቷ ትከሻ ጋር ትከሻዋን እያገናኘች ትለምዳለች። ይህ ድንቅ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ትልቅ ጉድለት ግን አለበት፦ ያልገባው ልጅ እንዲገባው የሚያደርግ ዘዴ የለውም። «እሱ አልታደለም» ይባልና ዕድሜ ልኩን እያጨበጨበ ዳር ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሳይንሱ የሚሰጠው ተስፋ አለ።

እንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ቻርለስ ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውነት የራሱን አቋምና እንቅስቃሴ የሚያውቅበትን ስሜት ፕሮፕሪዮሴፕሽን ብሎ ሰየመው። በእያንዳንዱ ጡንቻ ውስጥ ማለት ይቻላል፣ ጡንቻው ምን ያህል እንደተለጠጠና በምን ፍጥነት እንደተለጠጠ የሚለኩ ቀጫጭን አካላት አሉ። ጡንቻው ከአጥንት ጋር በሚያያዝበት ጅማት ላይ ደግሞ የጉተታውን ኃይል የሚለኩ ሌሎች ተቀባዮች አሉ። መልእክታቸው በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ዓይኑ የተሸፈነ ሰው የክንዱ ጅማት በፈጣን ንዝረት ሲነካ፣ ክንዱ ሳይንቀሳቀስ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ንዝረቱ ጡንቻው የተለጠጠ ያህል ምልክት ስለሚያስልክ አንጎል ያንን አምኖ ይቀበላል።

ይህ ስሜት ቢጠፋስ? ኢያን ዋተርማን የተባለ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ ሥጋ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1971 ከታመመ በኋላ ከአንገቱ በታች የመዳሰስና የአቋም ስሜቱን አጣ። ጡንቻዎቹ አልሞቱም፤ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ነገር ግን እጁ የት እንዳለ ካላየ አያውቅም። ከብዙ ጊዜ ልፋት በኋላ በዓይኑ እየመራ መራመድን ተማረ፤ መብራት ድንገት ሲጠፋበት ግን ይወድቅ ነበር። ሐኪሙ ጆናታን ኮል ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ አውጥቶታል። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይን እየጠበቁ መኖር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ከዚህ ሰው ሕይወት እንማራለን።

ዛሬ በብዙ ቦታ ውዝዋዜ የሚለመደው በመስታወት ፊት ወይም የስልክ ቪዲዮ እያዩ ነው። ቪዲዮ የሩቁን አገር ጭፈራ ቤት ድረስ ስለሚያመጣ አልጠላውም። ሆኖም መስታወት የሰውነትን ሥራ ለዓይን አሳልፎ ይሰጣል፤ የሚያሳየውም ፊት ለፊትን ብቻ ነው። የእስክስታ ዋና ሞተር ያለው ከኋላ፣ በጀርባ ነው።

በጀርባችን ግራና ቀኝ ያሉት ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንቶች ከጎድን አጥንቶች ጋር በመገጣጠሚያ አልተያያዙም። ክንድና ትከሻ ከግንዱ አካል ጋር በአጥንት የሚገናኙት ከአንገት በታች በፊት በኩል ባለችው ቀጭን አጥንት ብቻ ነው፤ እሷም ከደረት አጥንት ጋር ትጋጠማለች። ቀሪውን የያዙት ጡንቻዎች ናቸው። በአንዱ የትከሻ አጥንት ላይ 17 ያህል ጡንቻዎች ይያያዛሉ። ስለዚህ ይህ አጥንት በጎድን ላይ እየተንሸራተተ ሊወጣ፣ ሊወርድ፣ ወደ ፊት ሊሄድ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ፣ ሊዞርም ይችላል። ጀማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ነፃነት አያገኘውም። የአንገቱን ጡንቻ ገትሮ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይጎትታል፤ ከዚያ ለማንቀጥቀጥ ሲታገል አንገቱ ይደርቃል። መምህሩ «ትከሻህን ፍታ!» ይለዋል። ልጁ ያልተፈታው የቱ እንደሆነ አያውቅም፤ ያልተሰማውን ነገር እንዴት ይፍታው?

እስቲ ይህን ይሞክሩ። ሰሌን ላይ በጀርባዎ ይተኙ፤ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ያስረግጡ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ከሁለቱ የትከሻ አጥንቶች የትኛው መሬቱን ይበልጥ እንደሚጫን ያስተውሉ። ከዚያ የቀኙን ትከሻ እጅግ በቀስታ፣ በጣም ጥቂት ብቻ ከመሬት ያንሱና ይመልሱ። አንገት አብሮ ተገተረ? ትንፋሽ ቆመ? ደጋግመው በየጊዜው የሚያነሱበትን ኃይል ይቀንሱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲያርፉ ብዙ ሰው ሁለቱ ትከሻዎች የተለያየ ክብደት ያላቸው መስለው ይሰሙታል። ከዚያ ግራውን።

ለምን በቀስታና በትንሽ ጉልበት? ጀርመናዊው ኤርንስት ቬበር እ.ኤ.አ. በ1834 ያሳየው ነገር እዚህ ይረዳል። ሰው የሁለት ክብደቶችን ልዩነት ለማወቅ የሚያስፈልገው ጭማሪ ከመነሻው ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። 1 ኪሎ የያዘ እጅ ላይ 100 ግራም ቢጨመር ይታወቃል፤ 20 ኪሎ በተሸከመው ላይ ያው 100 ግራም አይሰማም። በሙሉ ኃይሉ የተገተረ ትከሻም ረቂቅ ለውጥን አይሰማም። ሞሼ ፌልደንክራይስ የተባለው የፊዚክስና የጁዶ ሰው ጉልበቱን ከተጎዳ በኋላ ያዳበረው የእንቅስቃሴ ትምህርት ያረፈው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ሃና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንና መሰል ዘዴዎችን ሶማቲክስ በሚል ስም ሰበሰባቸው። አሁን በብዙ አገሮች የዳንስ ትምህርት ቤቶች መደበኛ ትምህርት ሆነዋል።

የእኛ ጨፋሪዎች ከዚህ ትምህርት አንዱን ቁልፍ ቀድመው ይዘውታል፤ እሱም ትንፋሽ ነው። የጎንደርና የጎጃም እስክስታ ሲጋል ከጨፋሪው አፍ «እስስ፣ እስስ» የሚል ትንፋሽ ይወጣል። ብዙዎች ጌጥ አድርገው ያዩታል፤ እኔ የእንቅስቃሴው መሠረት ነው እላለሁ። አየር ሲወጣ የጎድን አጥንቶች ይወርዳሉ፤ በላያቸው ያረፈው የትከሻ አጥንትም ለመንሸራተት ይቀለዋል። ትንፋሹን ያፈነ ወይም በደረቱ አናት ብቻ የሚተነፍስ ሰው በአንጻሩ የአንገቱን ጡንቻዎች ለመተንፈሻ ይጠቀማል፤ እነሱም ትከሻውን ሽቅብ ይይዙታል። ስለዚህ ጀማሪን ከትከሻ በፊት «እስስ» ማስባል ተገቢ ነው።

ከጡንቻ ስሜት ጠልቆ የልብ ምትን፣ ትንፋሽን፣ ሙቀትን፣ ጥማትን የሚያሰማን ሌላ ስሜት አለ፤ ሳይንቲስቶች ኢንተሮሴፕሽን ይሉታል። በአንጎል ውስጥ ኢንሱላ የሚባለው ክፍል በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ያው ክፍል ስሜት በሚነካን ጊዜም ይሠራል። ተመራማሪዎች ሰዎች የደም ሥራቸውን ሳይነኩ የልባቸውን ምት እንዲቆጥሩ በማድረግ ይህን ችሎታ ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሙያተኛ ዳንሰኞች ዳንስ ካልተማሩ ሰዎች ይልቅ የልባቸውን ምት በትክክል እንደሚቆጥሩ አግኝቷል። ዳንሱ ችሎታውን አመጣው ወይስ ችሎታው ያላቸው ወደ ዳንስ ሄዱ የሚለውን ይህ ብቻውን አይፈታም። ቢሆንም ውስጡን የሚሰማ ሰው ደስታውንና ትዝታውን በትከሻው ለመናገር የሚነሳበት ቦታ አለው። በመድረክ ላይ «ፈገግ በሉ» ተብለው ፈገግታ የለበሱ ተወዛዋዦችን ሳይ የሚያሳዝነኝ ይህ መነሻ ስለተነፈጋቸው ነው።

በመተማ ደግሞ ነገሩ የጤናም ነው። ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፤ በዚያው ልክ ልብ ይፈጥናል። የከበሮ ግለት የፈጠረውን የልብ ፍጥነት ሙቀት ካመጣው መለየት የሚችል ልጅ ራሱ ሳይዞር ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል። «በርታ፣ አትድከም» እያለ የሚጮህ መምህር ይህን ችሎታ ያደነዝዘዋል።

ሰውነትን ከውስጥ በማዳመጥ የማስተማር መንገድ በአገራችንም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ 100 ያህል የጎዳና ልጆችን ይዞ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ ትርኢት አቀረበ። ከእነሱ መካከል 18 ወጣቶች አዱኛ በተባለው ቡድን ለዓመታት ሠለጠኑ። በኋላም አዳም ቤንጃሚን ከተባለው መምህር ጋር አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው አብረው የሚደንሱበት ሥራ ተጀመረ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት እዚህ ነው። በክራንች የሚሄድ ወጣት የመምህሩን እግር ሊቀዳ አይችልም። ቅጂ በማይሠራበት ቦታ መምህሩ «እንደ እኔ አድርግ» ማለቱን ትቶ «ክብደትህ የት ላይ ነው? እንቅስቃሴው ከየት ጀመረ?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ለሁሉም ሰው ይጠቅማል። ከአዱኛ የወጣው ጁነይድ ጀማል እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2005 ከታዋቂው ጃፓናዊ ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ፤ ከባልደረባው አዲሱ ደምሴ ጋርም ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተ።

ሰውነት የተማረውን ይዞ እንደሚሄድ የሚያሳየው ሌላ ምሳሌ የተጀመረው በምዕራብ ጎንደር መንገዶች አካባቢ ነው። በ1977 ዓ.ም. ገደማ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ በመንገድና በመጠለያ ብዙዎች አለቁ። እስራኤል ከደረሱት ቤተሰቦች ልጆች ጋር ሩት ኤሼል የተባለች ዳንሰኛና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ «እስክስታ» የተባለውን የዳንስ ቡድን አቋቋመች። ከቡድኑ አባላት አንዷ የነበረችው ደጌ ፌደር ዛሬ ራሷ ኮሪዮግራፈር ናት። በረሃውን ሲሻገሩ ሰዎቹ ብዙ ዕቃ አልያዙም፤ ትከሻቸው ያወቀው ግን አብሯቸው ደረሰ።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፣ ሊታለፍም አይገባም። የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዋ ጋብሪኤለ ቩልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባደረጓቸው ጥናቶች መሠረት ሰው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሐሳቡን በአካሉ ክፍሎች ላይ ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ አፈጻጸሙ ይበላሻል፤ ከአካሉ ውጭ ባለ ግብ ላይ ሲያደርግ ይሻሻላል። እውነት ነው፤ በሰርግ መሐል ስለ ትከሻ አጥንቱ የሚያስብ ሰው ምቱ ያልፈዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለቱን ጊዜ መለየትን ነው። በጸጥታውና በዝግታው ሰዓት ትኩረቱ ወደ ውስጥ ይሁን፤ ከበሮ ሲመታ ግን ሁሉም ይተውና ጆሮ ለምቱ፣ ዓይን ለፊት ለፊቱ ጨፋሪ ይሰጥ። ይህን ሳይለዩ ልጁን እየጨፈረ ሳለ በእርማት ማዋከብ ሁለቱንም ያሳጣዋል።

በመተማ፣ በገንዳ ውኃና በሽንፋ ትምህርት ቤቶች የባህልና የሚኒ ሚዲያ ክበብ ለምታስተምሩ መምህራን የምለው ይህን ነው። ለዚህ ሥራ መስታወትም አዳራሽም አያስፈልግም፤ ጥላ፣ ሰሌንና ማለዳ ይበቃሉ። ከልምምዱ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሻቸውንና ትከሻቸውን እንዲያዳምጡ ስጧቸው። ከበሮውን ከዚያ አንሡ። «አልታደለም» የተባለውን ልጅም ከዳር አስነሥታችሁ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሩ።