ለ8 ዓመት ዝም ያለው ልጅ እንዴት የሙፋሳ ድምፅ ሆነ?

"ዘ ላየን ኪንግ"ን ያያችሁ ሁሉ የሙፋሳን ድምፅ ታስታውሱታላችሁ። ያ ከደረት የሚወጣ፣ የሚያስፈራም የሚያባብልም ድምፅ የጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። የ"ስታር ዋርሱ" የዳርዝ ቬደር ድምፅም የሱው ነው። አንጋፋው አሜሪካዊ ተዋናይ ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ አርፏል።

ይሄ ሰውዬ ግን በልጅነቱ ለ8 ዓመት ያህል አፉን ዘግቶ ነው የኖረው።

እ.ኤ.አ. በ1931 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደ። 5 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከአያቶቹ ጋር ወደ ሚሺጋን ሄደ። መንተባተብ የጀመረውም ያኔ ነው። ሲናገር እየተሳቀበት ሲያስቸግረው ዝም ማለትን መረጠ። ከእርሻው እንስሳት ጋር ግን ያወራ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ በድብቅ ግጥም ይጽፍ ጀመር። መምህሩ ዶናልድ ክራውች አንዱን ግጥም አዩና የራሱ ሥራ መሆኑን ክፍሉ ፊት ቆሞ በቃሉ በመወጣት እንዲያሳይ ጠየቁት። ልጁ ተነሳ፤ አንዴም ሳይንተባተብ ጨረሰው!

እንዴት ሆነ? መንተባተብ የፍርሃት ወይም ያለማወቅ ምልክት አይደለም። ሰውየው የሚለውን በደንብ ያውቃል፤ የሚያስቸግረው ቃሉን ማውጣቱ ነው። ከዘር እና ከአንጎል አሠራር ጋር ይያያዛል። ከ100 ሰው 1 ያህሉ ይንተባተባል። ብዙዎቹ ግን ሲዘፍኑ፣ ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነቡ ወይም በትወና የሌላ ሰው ገጸ ባህሪ ሲላበሱ ይቀላቸዋል።

ጆንስ በዚያው መንገድ ገፋበት። እ.ኤ.አ. በ1969 የቲያትር ትልቁን ሽልማት፣ ቶኒን ወሰደ። ሆኖም "ድኛለሁ" ብሎ አያውቅም። አርጅቶም ቢሆን ችግሩ አብሮት እንዳለ፣ እሱም ተላምዶት እንደሚሠራ ይናገር ነበር። በሕይወት ከከባድ ነገሮች አንዱ በልብ ያለን ቃል ማውጣት አለመቻል እንደሆነም ተናግሯል። ያ ረጅም ዝምታ ቃላትን ከሌላው ተዋናይ በተለየ መንገድ እንዲያያቸው አድርጎታል፤ ለሱ እያንዳንዱ ቃል ተለፍቶበት የተገኘ ነበር።

እኛ አገር የሚንተባተብ ልጅ ብዙ ጊዜ "ተብታባ" የሚል ቅጽል ስም ይወጣለታል። ከዚያ እጁን ማውጣት ይተዋል፤ መልሱን እያወቀ ዝም ይላል።

ስለዚህ የሚንተባተብ ጓደኛ ካላችሁ ቃሉን ቀድማችሁ አትጨርሱለት። "ተረጋጋ፣ ቀስ በል" ማለትም ብዙ አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ያስጨንቀዋል። ዓይኑን እያያችሁ እስኪጨርስ ጠብቁት። የሚያስፈልገው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ እሱን መስጠት አያቅተንም።