ኩላሊት ሲታመም ደም ለምን ያንሳል?

ስለ ኩላሊት ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «የአባቴ ሕመም የኩላሊት ነው። ታዲያ ሐኪሞቹ ደም አንሷቸዋል የሚሉት ለምንድን ነው? ጉበትና ቀይ ሥር እያበላናቸው ለውጥ የለም» አለችኝ። የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

ኩላሊትን የምናውቀው ደም በማጣራቱ ነው። ሌላም ሥራ አለው። ደም ሲፈሰን ወይም ከፍተኛ ተራራ ላይ ስንወጣ የኦክስጅንን ማነስ ተረድቶ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ፕሮቲኑ የአጥንት መቅኒ ሲደርስ ቀይ የደም ሕዋሳት በብዛት እንዲመረቱ ያደርጋል።

ማነሱን በምን ያውቃል? በሕዋሳቱ ውስጥ ሂፍ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይሠራል። ኦክስጅን በቂ ሲሆን በዚያው በኦክስጅን አማካይነት ምልክት ይደረግበትና በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ይሠራል፣ ይፈርሳል፤ ይሠራል፣ ይፈርሳል። ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ኦክስጅን ሲያንስ ማፍረሱ ይገታል፤ ሂፍም ወዲያው ተጠራቅሞ ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባና የኤሪትሮፖይቲንን ጂን ይቀሰቅሳል። (ጂን ስንል የፕሮቲን መሥሪያውን መመሪያ ነው፤ ከምናውቃቸው ጂኖች ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም።) ይኸው ሂፍ በሌሎች አካላት ደግሞ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ የሚያደርግ ፕሮቲን ያስመርታል። ይህን አሠራር የገለጹት ግሬግ ሴመንዛ፣ ፒተር ራትክሊፍ እና ዊልያም ኬሊን እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በፅንስነታችን ኤሪትሮፖይቲንን በዋናነት የሚያመርተው ጉበት ነው፤ ኋላ ኩላሊት ይረከበዋል። ስለዚህ ኩላሊት ክፉኛ ሲጎዳ ጉበት የሚሸፍነው ጥቂቱን ብቻ ነው። መቅኒው ጥሬ ዕቃ የሆነው ብረት ቢቀርብለትም ትእዛዙ በበቂ አይደርሰውም። የተማሪዬ ቤተሰብ ድካም ፍሬ ያላፈራው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እንዲያውም ቀይ ሥር ፖታሲየም ስለሚበዛው ለደከመ ኩላሊት ያለ ሐኪም ምክር ባይሰጥ ይሻላል።

ፕሮቲኑ በመርፌ መልክ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 ተፈቅዷል። ሂፍ እንዳይፈርስ የሚያደርግ እንክብልም እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ተፈቅዷል። ሁለቱም ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰዱም፤ ደም ከመጠን በላይ ሲበዛ ይወፍራል፣ ይረጋልም።

ደወል ስለተደወለ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ መርፌውና ስለ አባቷ የብረት መጠን ሐኪሙን እንድትጠይቅ ነግሬ፣ በደብተሯ ጠርዝ ላይ ስሙን ጻፍኩላት፦ ኤሪትሮፖይቲን።