ቀረጥ የሚያስቀንሰው ወረቀት

የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። የአገር መሪዎች ስለ ቀጠናዊ ገበያ የሚፈርሙት ስምምነት እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው አንዲት ወረቀት ሆኖ ነው፤ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት።

ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደተጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠናው ግን አልገባችም። ከአባል አገሮች ለሚመጣ ዕቃ የምትቀንሰው ከመደበኛው ቀረጥ አንድ አሥረኛውን ነው። 30 በመቶ የነበረው 27 ይሆናል። ዋጋው አንድ ሚሊዮን ብር በሆነ ዕቃ ላይ 30 ሺህ ብር መሆኑ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱም ቀረጡ ተደምሮ ስለሚሰላ እሱም በመጠኑ ዝቅ ይላል። ለአነስተኛ አስመጪ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ዕቃው ግን በእርግጥ የአባል አገር ምርት መሆን አለበት። ከቻይና መጥቶ ሞምባሳ ላይ ካርቶን የተቀየረለት ሳሙና ኬንያዊ አይሆንም። ይህ መመዘኛ ባይኖር ቅናሹ የሚጠቅመው ከቀጠናው ውጭ ያለን ፋብሪካ ነበር። ቅሬታዬ በመመዘኛው ሳይሆን በማጣራቱ ሂደት ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከአንድ አባል አገር የመጣ ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰልንና ዲክላራሲዮን ሞላን። ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ የታሪፍ ቁጥሩ ሁሉም ተመሳክሯል። በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ግን አገሮቹ አስቀድመው ከተለዋወጡት ናሙና ጋር አልገጥም አለ። ፈራሚው ኃላፊ ተቀይሮ ኖሮ የአዲሱ ናሙና አልተላከም። የማጣሪያ ደብዳቤ ተጻፈ። ኮንቴይነሩ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል፣ ደንበኛ በስልክ ያጣድፋል። ነጋዴው መልሱን መጠበቅ አልቻለም፤ ሙሉ ቀረጡን ከፍሎ ዕቃውን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ከላኪው መጠየቅ ትቷል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ስንት እንዳለ ሳስብ ያመኛል።

አፍሪካውያን እርስ በርስ የምንነግደው ከጠቅላላ ንግዳችን 15 በመቶ ገደማ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት አባላት ከግማሽ በላይ። መንገዱና ኢንዱስትሪው ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን አውሮፓውያኑ እ.ኤ.አ. በ1968 የጉምሩክ ኅብረታቸውን አጠናቀው ለውጭ ዕቃ አንድ ቀረጥ ስላደረጉ፣ አንዴ የገባ ዕቃ ከአገር አገር ሲሻገር የስሪት አገሩን የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን በአህጉራዊው ነፃ የንግድ ቀጠና 90 በመቶ በሚሆኑ የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጡን ቀስ በቀስ ስናነሳም ይህቺው ወረቀት ትከተለናለች።

የኮሜሳ ደንብ ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል በሚል ብቻ ዕቃ እንዳይያዝ፣ ለቀረጡ ዋስትና ተወስዶ እንዲለቀቅ ይፈቅዳል። ሥልጠና በተጠራሁ ቁጥር የማነሳው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ዋስትናውን በየጣቢያው የሚቀበለው ማን ነው? በስንት ቀንስ ይመለሳል?